ያላነበብኩት አረብኛ

ባለፈው ወር ልጄ ሄለን ጉልበቴን ልታሳክመኝ ግሬፕቫይን ወዳለ አዲስ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ከምንኖርበት ከሳክሲ እስከዚያ መንገዱ አያልቅም፤ እሷ በትራፊኩ ስትነጫነጭ እኔ እየቀለድኩባት ደረስን። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ያንን የሚያበራ ሰሌዳ ሰጠችኝ። ዱሮ ወረቀት ነበር፤ አሁን ሁሉ ነገር መስታወት ሆኗል። ስሜን ሞላሁ፣ የምወስደውን መድኃኒት ሞላሁ፣ አንድ ነገር ብሆን የሚጠራልኝን ሰው ሞላሁ። ቀጥሎ የምናገረውንና የማነበውን ቋንቋ የሚጠይቅ መጣ፤ ከያንዳንዱ ፊት አንድ ትንሽ ሳጥን አለች። እጄ እዚያው ደረቀ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ? ዝም ብለሽ ቼክ አድርጊው» አለች ሄለን።

«አማርኛና እንግሊዝኛ በይልኝ።»

«አረብኛስ? ማለቴ፣ ግሮሰሪው ጋ ከዚያ ሱዳን ሰውዬ ጋር ስታወሪ ሰምቼሻለሁ እኮ። ሶ፣ ቼክ ላድርገው?»

«አትንኪው አልኩሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ክሊኒኩ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ልጄ ደንግጣ ሰሌዳውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እኔ የሰባ ዓመት ሴት፣ የአሜሪካ ዜጋ፣ የቤት ባለቤት፣ ለአንዲት ሳጥን ስል ሰው ፊት ልጄን አስደነገጥኩ። በመልሱ መንገድ ላይ ጠየቀችኝ። ግማሹን ነገርኳት፤ ግማሹን ዋጥኩት። ሙሉው ይኸው።

ያኔ ሄለን ገና አልተወለደችም። የምኖርባት ኧርቪንግም ዛሬ ባቡር የሚያቋርጣት ኧርቪንግ አልነበረችም። አፓርትመንቴ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ሆዱ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ሰፈር ውስጥ ነበር፤ ባለ አንድ መኝታው በወር ሦስት መቶ ምናምን ዶላር፣ ውሃውን ጨምሮ። ቤንዚን ጋሎኑ አንዳንዴ ዶላር አይሞላም፤ ይህን ለሄለን ስነግራት የፈጠርኩት ይመስላታል። ማዕዘኑ ላይ የሳንቲም ላውንደሪ፣ ከጎኑ ካምቦዲያዊ ባልና ሚስት የያዙት ዶናት ቤት፣ ፊት ለፊቱ የሕዝብ ስልክ ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሐበሻው እዚያ ስልክ ጋ ይሰለፋል። መስመሩ ሩቅ ስለሆነ ደዋዩ ይጮሃል፤ የማን እህት እንዳገባች፣ የማን አባት እንደታመመ ሰልፈኛው ሁሉ አብሮ ይሰማል። ልብሳችንማ! ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ ያለበት ኮት ነበር ፋሽኑ፤ በር ስንገባ በጎናችን ሆነን ማለፍ ነበር የቀረን። የኔው ወይን ጠጅ ቀለም ነው፣ ቁልፉ ወርቅማ፣ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በሦስት ዶላር የገዛሁት፤ ለትምህርትም ለሥራ ፍለጋም ለሰርግም እሱው ነው። ካሴቱ ደግሞ ከካሴት ተቀድቶ፣ ያም ከሌላ ተቀድቶ እኛ ጋ ሲደርስ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። እንደዚያው ወደድነው። ዛሬ ያንኑ ዘፈን በስልኬ ጥርት ብሎ ስሰማው ሌላ ሰው የዘፈነው ይመስለኛል።

የምሠራው ከኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነበር። አንሶላ ስናጥፍ በአንደኛው ጫፍ እኔ፣ በሌላኛው ጫፍ ኢክላስ የምትባል የሱዳን ሴት ነበርን። ቀኑን ሙሉ እየተቀራረብንና እየተራራቅን በአረብኛ እናወራለን። አረብኛውን ያመጣሁት ከካርቱም ነው፤ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። የማድ ቤትና የገበያ አረብኛ ነው። መከራከር፣ መሳደብ፣ ልጅ ማባበል እችልበታለሁ። ፊደሉን ግን አልተማርኩም፤ ገረድን ፊደል ቁጠሪ የሚል ማን አለ? እንግሊዝኛ በበኩሉ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምሬዋለሁ። ለአዲስ መጤ በሚሰጠው ትምህርት ግን አራት ወር ሙሉ ይህ ፖም ነው፣ ይህ ወንበር ነው ሲሉኝ ሰለቸኝና ተውኩት። ሐሳቤ ሆስፒታል የነርስ ረዳት መሆን ነበር። ይህን ሁልጊዜ የምታዳምጠኝ ኢክላስ አንድ ቀን የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘች ቆመች።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ኡስታዝ ከፍ ያለ እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ በነፃ። ትልልቁን ቃል ነው፤ የሐኪሙን፣ የዳኛውን። የጨረሰ ሰው ደብዳቤ ይሰጠዋል፣ በደብዳቤው ሆስፒታል ይገባል። ግን ለአረብኛ ተናጋሪ ብቻ ነው።»

«እኔ አረብ ነኝ እንዴ?»

«ተናጋሪ ነው ያልኩሽ። ይህን ሁሉ ቀን በምንድን ነው የምትለፈልፊብኝ ታዲያ?»

ሄድኩ። ቅጽ ሰጡኝ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ካርቱም ሳለን ስደተኛውን ወደ ሌላ አገር የሚመዘግቡት ሰዎች ሲጠይቁ መልሱ ምንጊዜም አንድ ነበር። ስፌት ትችያለሽ? አዎ። መኪና? አዎ። ኮምፒውተር? እንኳን መንካት አይቼው አላውቅም፤ አዎ። አላውቅም ያለ እዚያው ይቀራል ይባል ነበር፤ እውነት ይሁን ወሬ ማንም አላጣራም፣ ሁላችንም ብቻ አዎ አልን። እዚህም አረብኛ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ የሚሉ ሦስት ሳጥኖች ሲመጡ ሦስቱንም ምልክት አደረግኩና ታች ያለው ላይ ፈረምኩ። ከፈረምኩ በኋላ ነው የፈረምኩበትን ያነበብኩት፤ ከላይ የሞላሁት ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል። በዚያው ሰሞን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አንድ ወሬ ይናፈስ ነበር፤ አንዱ ቅጽ ላይ ዋሽቶ ተገኝቶ መኖሪያ ፈቃዱን ከለከሉት፣ ሊመልሱት ነው የሚል። ሰውየውን በዓይኑ ያየ የለም፤ የማይተርከው ግን አልነበረም። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የካርቱም ፖሊስ ስደተኛ የሚለቅምበት መኪና ይታየኝ ጀመር፤ ከሻ እንለው ነበር። አሁን በኧርቪንግ መንገድ ሲመጣ ይታየኛል።

ኡስታዝ ሐሊም ከሞሱል የመጣ መምህር ነው። በሳምንቱ ቀን ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ መንገደኛ የሚያመላልስ መኪና ይነዳል፤ ቅዳሜ ከረባት አሥሮ ይመጣል። ዘዴው አንድ ነበር። ግራው እንግሊዝኛ ቃል፣ ቀኙ አረብኛ ማብራሪያ የሆነ ወረቀት ያድለናል፤ በሳምንቱ አንድ ባንድ እያስነሳ አረብኛውን ጮክ አድርገን እንድናነብ፣ ከዚያ ቃሉን በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንድናስገባ ያዘናል። ለኢክላስ ከመንገር ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ? ወላሂ አብደሻል አለችኝ፤ ከዚያ ረዳችኝ። በሥራ ቀን ማድረቂያው እየጮኸ እሷ ታነባለች፣ እኔ ደብተሬ ላይ በኛው ፊደል እገለብጣለሁ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አንድ ድምፅ ሆነው ሦስት ጊዜ የሚያስቀጡን ፊደላት፣ ጥቅማቸው የገባኝ ያኔ ነው፤ ለአረቡ ሦስት ዓይነት ህ አንዳንዱን መደብኩለት። ከዚያ ሙሉውን ወረቀት እንደ ዳዊት እሸመድዳለሁ። የትኛው መስመር የት እንደሚያልቅ ሳይቀር፤ ዓይኔን ከቀኝ ወደ ግራ መንዳት አለብኝና።

ቅዳሜ ሲመጣ ከጠዋት ጀምሮ ምግብ አይወርድልኝም። ስሜ ሲጠራ ጆሮዬ ውስጥ የልብስ ማጠቢያው ድምፅ ይገባል። አንድ ቀን ቆሜ፣ ድምፄን ሞረድ አድርጌ፣ ያለ አንድ ስሕተት ሳነበንብ አብራኝ የምትማረው ኢክላስ ክንዷን ሰድዳ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ወረቀቴን ነጥቃ መለሰችልኝ። ዘቅዝቄ ይዤው ኖሯል። ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሰው አለ። ኡስታዝ ከመነጽሩ በላይ አየኝ፣ ለረጅም ጊዜ አየኝ፣ ከዚያ «በጣም ጥሩ፣ ቀጥዪ» አለ። ቀጠልኩ። አይቶ ዝም አለኝ ወይስ አላየም? ዛሬም መልሱን የሚነግረኝ የለም።

የፍርሃት ጉልበት አይናቅም። ሌላው ተማሪ አንዴ ገረፍ አድርጎ የሚመጣውን እኔ መቶ ጊዜ ስለምለው የክፍሉ አንደኛ ሆንኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደሰታል። እኔ ኡስታዝ ባመሰገነኝ ቁጥር ጉድጓዴ ይጠልቅ ነበር። ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ እንግሊዝኛዋ ከፍ ያለ ነው፣ አረብኛም አቀላጥፋ ታነባለች የሚል። ይህችን ሁለተኛዋን ነገር እንዳይጨምር መለመን ፈልጌ አመስግኜው ወጣሁ። በደብዳቤው ሆስፒታል የነርስ ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ፋይሌም ላይ ያችው ነገር ተጻፈች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔው እያደር ከበደ። አረብ የሚመስል ሰው በኮሪደሩ ሲመጣ አንሶላ ማስቀመጫው ውስጥ እገባ ነበር። እንዲህ ሆኜ ዓመት አለፈኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ጠዋት ሐጅ ኢድሪስ የሚባሉ የከሰላ ሽማግሌ ገቡ። ስኳር አለባቸው፤ የግራ እግራቸው ጣቶች ጠቁረዋል። ያመጣቸው የወንድማቸው ልጅ ሥራ አለብኝ ብሎ ሄዷል። ሰውነታቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ያንንም እግር። እፈራ ስለነበር በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር የማወራቸው፤ እሳቸውም ምንም ሳይገባቸው ፈገግ ይሉልኛል። ከዚያ ሻረን የምትባለው የክፍሉ ነርስ በወረቀት እየተራገበች መጣች።

«ዜኒ፣ አንቺ አረብኛ ታነቢያለሽ አይደል? ፋይልሽ ላይ አይቼዋለሁ። ይህን አንብቢላቸውና ይፈርሙ። ሐኪሙ እየጠበቀ ነው።»

ዘነበች ማለት አቅቷት ነው ዜኒ የምትለኝ። ከአፌ የወጣው ያው የለመደው ነው፤ «ኦኬ» አልኩ። ወረቀቱን ተቀበልኩ። ሻረን በሩ ላይ ሆና ትጠብቃለች።

«አረብኛ ታውቂያለሽ?» አሉ ሐጅ፣ ከትራሳቸው ቀና ብለው። «አልሐምዱሊላህ! ከየት ነሽ፣ ልጄ?»

«ሐበሻ ነኝ፣ ያ ሐጅ።»

«የሐበሻ ጎረቤት ነው ያሳደገኝ። በይ አንብቢልኝ፤ እኔ እንኳ ፊደል አልቆጠርኩም።»

ወረቀቱ ላይ ጥቋቁር ጉንዳን ተሰልፏል። አንዱንም አላውቀው። ሻረን ሰዓቷን አየች። ያኔ አፌ ራሱ ጀመረ። የኡስታዝ ሐሊምን ማብራሪያ ነበር የማነበንበው፤ ፈቃድ ማለት ሰው ሳይገደድ የሚሰጠው ቃል ነው፣ አደጋ ማለት ሊደርስም ላይደርስም የሚችል ጉዳት ነው፣ ማገገም ማለት ጤና ቀስ በቀስ የሚመለስበት ጊዜ ነው። ዓይኔን ከቀኝ ወደ ግራ እነዳለሁ፣ መስመር ሲያልቅ ዝቅ እላለሁ። ሐጅ «አይዋ፣ አይዋ» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለአፍታ እንኳ ኮራሁ። ከዚያ ዓይኔ ከወረቀቱ ግርጌ ሐኪሙ በእጁ በእንግሊዝኛ የጻፈው አንድ መስመር ላይ ወደቀ። ከኡስታዝ ቃላት አንዱ ነው፤ አምፕዩቴሽን፣ መቁረጥ። ግራ፣ ከጉልበት በታች።

«የወንድሜ ልጅ ቁስሉን አጥበው ነገ ይሸኙሃል ብሎኛል» አሉ ሐጅ። «ይህንኑ ነው የሚለው አይደል? በይ እስክሪብቶውን አቀብዪኝ፤ መስቀልኛ አደርግላቸዋለሁ።»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። ዝም ብል ይፈርማሉ፤ ማንም አያውቅብኝም። ብናገር ያን ሁሉ ከየት አመጣሽው ይባላል፣ ፋይሉ ይወጣል፣ ቅጹ ይወጣል፣ ፊርማዬ ይወጣል። የከሻው መኪና በሆስፒታሉ በር ላይ ሲቆም ሰማሁት ብል አላጋነንኩም። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ግን ያ እግር ከአንሶላው ወጥቶ ተጋድሟል። በጠዋት ሳጥበው ኮርኩሯቸው ሲስቁ አይቻለሁ።

«ያ ሐጅ፣ አይፈርሙ» አልኳቸው። «ያነበብኩልዎት እዚህ የለም። አረብኛ ማንበብ አልችልም። ይቺን የእንግሊዝኛዋን መስመር ግን አውቃታለሁ፤ እግርዎን ሊቆርጡት ነው።»

እግራቸውን አዩት። «ከየት ላይ?»

«ከጉልበትዎ በታች።»

«ያ ሁሉ ያማረ ነገርስ?»

«ሸምድጄው ነው።»

ሊስቁ ነበር፤ ሳቁ መሐል ላይ ቀረና እጄን ጨበጡ። «አትሂጂ» አሉኝ። ሻረን «ምንድን ነው ችግሩ?» ስትል በእንግሊዝኛ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፊቷ ቀላ። ሄዳ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው አገናኘች። ሐኪሙ መጣ። እግሩ ካልተቆረጠ መርዙ ወደ ደም ይገባል፣ ይገድላቸዋል አለ፤ በስልኩ ያለው ሰው ቃል በቃል አደረሰላቸው፣ ሁለት ጊዜ። ሐጅ እጄን ሳይለቁ አዳመጡና እንቢ አሉ። ሰማንያ ዓመት በሁለት እግሬ ቆሜ ሰግጃለሁ፣ ፈጣሪዬንም እንደዚያው አገኘዋለሁ አሉ። በማግስቱ ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው።

እኔን ከሁለት ቀን በኋላ ቢሮ ጠሩኝ። የመኖሪያ ወረቀቴን፣ የጥርስ ብሩሼንና ቅያሪ ልብስ በቦርሳ ይዤ ነው የሄድኩት፤ ከዚያ ቀጥታ ይወስዱኛል ብዬ። አለቃዋ ፋይሌን አወጣች፣ አረብኛ ማንበብ የሚለው ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ሰረዘችበት፣ ከጎኑ እንድፈርም አደረገች፣ ሁለተኛ የማታውቂውን አውቃለሁ እንዳትዪ ብላ ወደ ሥራዬ መለሰችኝ። በቃ። ስንት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር አንድ ስንዝር በማይሞላ መስመር አለቀ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያን ዕለት መኪና ውስጥ ለሄለን የነገርኳት እስከዚህ ድረስ ነው፤ እሷም እያሳቀችኝ ቤት ገባን።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ኢክላስ ሐጅ ኢድሪስ ማረፋቸውን ነገረችኝ። መርዙ ወደ ደማቸው ገብቶ። ለቅሶው ከሰፈሬ ሁለት መንገድ ብቻ የሚርቅ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። አልሄድም ብዬ ሦስት ቀን ቆየሁ፤ በአራተኛው ቀን ኢክላስ ጎትታ ወሰደችኝ። ከሴቶቹ ጋር ጥግ ተቀምጬ አንገቴን ቀና አላደረግኩም። ስወጣ ደረጃው ላይ ጫማዬን ሳደርግ አንድ ጎልማሳ ከኋላዬ መጣ። ልጃቸው ነው፤ ከሌላ ስቴት ነው የመጣው፤ የደረሰው ሊሞቱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነበር።

«የሆስፒታሏ ሐበሻ አንቺ ነሽ?» አለኝ በአረብኛ። «አባቴ ነግሮኛል። መጀመሪያ ዋሸችኝ፣ ኋላ አዘነችልኝ ብሎኛል።»

ቁጣ ጠብቄ ነበር። ዓይኑ ላይ ግን ቁጣ የለም፤ ሰው አጥብቆ የሚፈልገውን ነገር ሌላው ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ሲመስለው እንደሚያየው ነው ያየኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አለ። «ዝም ብለሽ አስፈርመሽው ቢሆን፣ አባቴ ዛሬ ይኖር ነበር?»

ኢክላስ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «የአላህ ሥራ ነው በይው» ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። ሰውየው ይጠብቃል። ደረጃው ላይ ሌሎች ለቀስተኞች ቆመው መንገድ እስክንለቅላቸው ይጠብቃሉ።

«አላውቅም» አልኩት።

እስከ ዛሬም አላውቅም።